ሁለት ባዶ መስመር

ከወረዳው መጣ ባለማኅተም ወረቀት፣
«ዓርብ ተሞልቶ ይመለስ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት።»
ሁለት ጥያቄ አለው፣ ሁለት ባዶ መስመር፤
«የመሠረታዊ ትምህርት ዓላማው ይዘርዘር፣
ወሰኑም ይነገር።»

እኔ የእነዋሪው መምህር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ የበላሁ፣
እስክሪብቶ ይዤ እንደ ሰነፍ ተፈታኝ ጣራ ጣራ አየሁ።
«ብቁ ዜጋ ማፍራት» ከመመሪያው ቀድቼ
እልክ ነበር ድሮ፣ በአራት ነጥብ ዘግቼ።
ዘንድሮ እጄ እንቢ አለ።

ባለፈው ገበያ ነው ትዝ ያለኝ፣ ያ ሚዛን፣ ያ ምስር፣
አክስቷን ተከትላ የመጣች፣ የአምስተኛ «ለ» ልጅ፣ ከኋላ ወንበር፤
ስሟ ጥሩአየሁ።

ነጋዴው በካርቶን ላይ ጫረ፦ «ሠላሳ አንድ ኪሎ»፣
ብር ሊቆጥር ዞረ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ፣ ቸኩሎ።
«ጋሼ፣» አለች ልጅቱ፣ ድምጿ ቀጥኖ እንደ ክር፣
«መርፌው ሠላሳ ሰባት ይላል። እስቲ ደግመን እንቁጠር።»
አልጮኸችም። ሌባም አላለችው።
ስድስት ኪሎ ምስር ከሰው ጉሮሮ ተመለሰ፤
ነጋዴው ሳቀ፣ ያልቆሸሸውን ሚዛን በእጅጌው አበሰ።
እኔ ጨው ልገዛ ቆሜ ነበር። ሰላም ሳልላት ሄድኩ።
ለምን እንደሁ እንጃ።

ሰኞ፣ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ ስደምር፣
«መምህር፣» አለ ከኋላ ያው ድምፅ፣ ያው ቀጭን ክር፣
«ታችኛው ስምንት ነው። እስቲ ደግመን እንቁጠር።»
ስልሳ ሦስት ልጅ ጸጥ አለ፤
ቁራ በቆርቆሮው ላይ ሲራመድ ይሰማል።
ጆሮዬ ጋለ። እኔ በእሷ ዕድሜ
አስተማሪዬን ባርም ኖሮ፣
ጠጠር ላይ ነበር የምውለው፣ በጉልበቴ ቆሜ።
ቆጠርኩ። ስምንት ነው።
ስህተቴን በመዳፌ አጠፋሁት፤
መዳፌ እስከ ማታ ነጭ ሆኖ ዋለ፣ አልታጠብኩትም።

ዛሬ ዓርብ ነው። አሥር ሰዓት አልፏል፤
መልእክተኛው ሞተሩን አሙቋል።
ዓላማው ላይ «ስድስት ኪሎ ምስር» ብዬ ጽፌያለሁ፤
ወሰኑ ላይ ግን ብዕሬን አሳርፌ መልሼ አነሳሁ።
«እስከ ገበያው» ልል ነበር፤ መዳፌን አየሁ።
ባዶውን ላክሁ።

«ያልተሟላ» ብለው፣ በቀይ አስምረው ይመልሱት ይሆናል፤
መጀመሪያ ይድረስ እንጂ፤ ዘንቧል፣ ዋልካው ጎማ ይይዛል።