ሥር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ማቶዚንዮስ፤
ጉም ከወደቡ ወጥቶ መስኮቱን ሲዳስስ፣
ወይዘሮ ኤርሚንያ ገባች፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ፣
ሐኪሟን ትታ ወለሉ ላይ ፈዛ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ ነው የሠራሁ፤
ሳርዲን እየደረደርሁ፣ ክዳን እየገጠምሁ፣
ራስ ወደ ጅራት፣ ጅራት ወደ ራስ፣
የማታው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ።
ወንበር የሚባል የለም። የተቀመጠች ሴት
በማግስቱ አትገባም ወደዚያ ቤት።»

ከዚያ ገለጠችው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ጄል የምቀባ፣ እጅ የምይዝ።
ብዙ እግር አይቻለሁ።
ይህ ግን ዛፍ ነበር፦
ቆሞ የኖረ ዛፍ፣ አፈር የተነፈገ፣
ሲሚንቶውን መብሳት ቢያቅተው
ሥሩን ወደ ገዛ ቆዳው የሰደደ፣
ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ባት ላይ የተገመደ፣
ከጉልበት ጀርባ ቋጠሮ የሠራ፤
አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ የወይን ዘለላ።

ዶክተር ኖብሬ ስክሪኑን አዞረችላት፦
«ደም ከእግር ሽቅብ ነው መንገዱ፣ ዳገት።
በየእርከኑ በር አለ፣ እንዳይመለስ የሚዘጋ።
የእርስዎ በሮች ደክመዋል፤
የወጣው ይወርዳል፣ የወረደው ይቆማል፣
የቆመው ያብጣል።»
«እሱማ» አለች ኤርሚንያ፣ «በር ሲጠብቅ ውሎ
ያልደከመው ማን አለ?»

አረንጓዴ መነጽር አጠለቅንላት፤
በመሣሪያው ብረት ላይ ፊቷን አየችና
«ባሏ የሞተባት እንቁራሪት!» ብላ ሳቀች።

ከጉልበት በታች አንድ መርፌ፤ በመርፌው ውስጥ ክር፤
ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ፣ በቆዳዋ ስር ሲበር።
መብራቱን አጠፋን። ሲሄድ አየነው፣
ፋኖስ እንደ ሰቀለ የሌሊት ጀልባ
ወንዙን ሽቅብ ሲቀዝፍ፣ እስከ ብሽሽቷ ድረስ።
ከዚያ ቀዝቃዛው ማደንዘዣ፣ መርፌ በመርፌ ላይ፤
ስድስተኛው ላይ እጄን ጨመቀችው፣
ዘጠነኛው ላይ ተወችው።

ሐኪሟ ፔዳሉን ረገጠች። ጢጥ። ጢጥ።
ክሩ በዝግታ ወደ ኋላ ሲሳብ
ያለፈበት ሁሉ ይኮማተራል፣ ይታሸጋል።
«አፌ ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ» አለች።
«ያጋጥማል፣ ይጠፋል።»
«አውቀዋለሁ እኮ፤ የክዳን ሽታ ነው።
ስንት ሺህ ቆርቆሮ አሽጌ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

ጢጥ።

«ደሙስ? መንገዱ ሲዘጋበት በየት ይሄዳል?»
«ከሥጋው ውስጥ ጥልቅ መንገድ አለ፣ የማይታይ።
ድሮም አብዛኛው በዚያ ነበር የሚያልፍ።»

ዝም አለች። ክሩ አንድ ጣት ያህል ተሳበ፤ ሁለት ጣት።
«አዴሊኖ፣ ባሌ፣ መረብ ጠጋኝ ነበር።
ማታ እግሬን ጭኑ ላይ ሰቅሎ
በአውራ ጣቱ ይከተለው ነበር፦
‹ይሄ ዶውሮ፣ ይቺ ታሜጋ፣
የሚገናኙት እዚህ ጋ።›
ጣቱ ጨው ይሸት ነበር።»
ቆየችና፦ «ታሜጋን ተዉልኝ።»

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። ጠባብ ሥር ናት፣
ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ ክር የምታህል።
«አንነካትም» አለች። «ግን ምንጯ ተዘግቷል፤
በራሷ ጊዜ ልትከስም ትችላለች። ቃል አልገባም።»
«እኔም ቃል አልጠየቅሁም» አለች ኤርሚንያ።

ጠባቡን ካልሲ ለማልበስ ሁለት ሆነን ታገልን።
«ግማሽ ሰዓት። አይቀመጡ፤ ይራመዱ።»
«‹አትቀመጪ› ይል ነበር አለቃችንም፤
‹ተራመጂ› ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።»

በመስኮት ተከተልኋት። ጉሙ ተገፏል።
አውቶቡስ አጠገቧ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፤
በእጇ «እለፍ» አለችው፤
ወደ ባሕሩ ወረደች።
የመብራት ምሰሶ ይዛ ጎንበስ አለችና
ካልሲውን ከላይ ነካ አደረገችው፣
ያለችበትን ቦታ።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣
ሱሪዬን ሰብስቤ የራሴን እግር አየሁ።
ከጉልበቴ ጎን አንድ ቀጭን ሥር ብቅ ብሏል።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ እዚህ ቆሜ ስውል።