ታንኳው ሲከብድ

ፊልሙ ያለቀ ለት ሞተሬን ሸጬ ነበር፤
ከዚያ በፊት ደግሞ የሽንብጧን ቦታ፣
ከዚያ በፊት ደግሞ — ይቅር።
አራት ዓመት በአንዲት ሃርድ ዲስክ፣
ጫማ ሣጥን ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ።

አዳራሹ ሦስት መቶ ወንበር ነበረው።
አሥራ አንድ ሰው መጣ፤
ሁለቱ ዝናብ ሸሽተው፣
አንዱ በር ጠባቂው፣
አንዷ እህቴ፤ እሷም ግማሹ ላይ ተኛች፣
"ደክሞኝ ነው እንጂ ያምራል" አለች።
መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።
በጨለማው ያጨበጨበ ሰው ነበር፣
ያለቀ መስሎት።

አዲስ አበባ ይዤ ወጣሁ።
ቢሮው ባለ መስታወት፣ ሰውየው ባለ ፈገግታ፦
"ሐይቁ በዛ፣ ሳቅ የለውም።
ደግሞስ ታንኳ ሲታሰር ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ
ማን ቁጭ ብሎ ያያል?"
እኔ አያለሁ፣ አልኩ በሆዴ።
በሆዴ ያልኩት በሆዴ ቀረ፣
እዚያው ከረመ።

ናሁሰናይ ግን፣
ካሜራ አያያዝ ያሳየሁት፣
ትራይፖዴን ተውሶ እግሩን ሰብሮ የመለሰልኝ፣
ፎቶው በባጃጅ ጀርባ ሲዞር አየሁት፣
ከነመነጽሩ፣ "በቅርብ ቀን" ከሚል ጽሑፍ በላይ።
ባጃጁን አሳለፍኩት።
ከጊዮርጊስ እስከ አባይ ድልድይ፣
ለአንድ ፖስተር ስል፣ በእግሬ፣ በዚያ ፀሐይ።

ቅዳሜና እሑድ እንጀራዬ ሠርግ ነው።
ሙሽሮች ሐይቁን ከኋላ አድርገው ይቆማሉ።
"ትንሽ ወደ ግራ፤ እኔን አይደለም፣ እርስ በርስ ተያዩ"
እላለሁ፤ ይተያያሉ።
እምቦጩ ወይን ጠጅ አበባውን አውጥቶ ዳሩን ይዟል።
"ውይ ሲያምር! እሱ ጋ አንሳን" ትላለች ሙሽራዋ።
እውነቷን ነው።
ሐይቁን የሚያንቀው አረም በካሜራ ያምራል።
እኔንም ፈገግ ስል ያየኝ ሰው
"ደህና ነው ያ ልጅ፣ ሥራ አግኝቷል" ይላል።

ማታ ማታ ደግሞ የሱን ፊልም ከፍቼ
ስህተቱን ለቀማ፣ እንቅልፌን ትቼ፤
ይኸው ድምፁ ቀድሞ፣ ይኸው ጥላው ዞሮ፣
ይኸው ማይኩ ገብቶ፣ ይኸው ፊት ጠቁሮ።
ነግቶ ደብተር ብገልጥ አዲስ ታሪክ ልጀምር፣
ሙሉው የሱ ስህተት፣ በተራ በቁጥር።

ወደ ጋሽ ኑርዬ የወረድኩት ይቅርታ ልል ነበር።
ታንኳ የሚያስሩት፣ የፊልሜ ዋና ሰው፣
ሲሸጥ ድርሻ ልሰጣቸው ቃል የገባሁላቸው።
"አልተሸጠም" አልኳቸው።
"ምኑ?" አሉኝ።
ረስተውታል።

ከዋርካው ሥር አንድ ታንኳ ቆሞ ነበር፣
አፍንጫው ወደ ሰማይ፣ ከወገቡ በታች ጠቁሮ፣
እግሩ ሥር ትንሽ ኩሬ ሠርቶ፣
ጠብ ይላል፣ ዝም፣ ጠብ።
"ተበሳ እንዴ?"
ሳቁብኝ።
"ደንገል አይበሳም ልጄ፣ ይጠጣል እንጂ።
በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል፣
ከዘጌ ሲመለስ ጭነቱ ራሱ ነው፤
ያልጫንከውን ነው የምትቀዝፈው።"
"ታዲያ ምን ይደረጋል?"
"ይኸው፣ ይቆማላ። ፀሐይ ይምታው።
ደግሞ አትቸኩል፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣
ልቡ ግን እርጥብ ነው፣ ያታልልሃል።"
"ሲደርቅ እንደ አዲስ ይሆናል?"
"ኧረ ወዲያ! ይሻለዋል እንጂ።
ጥቂት ወር ያገለግላል፣ ከዚያ ይበሰብሳል፣
ሌላ ታስራለህ።"

"ሌላ ታስራለህ" ባሉበት ድምፅ ውስጥ
ሐዘን ፈለግሁ፣ አጣሁ።
እጃቸው ደንገል እየመረጠ ነበር።

ዘጠኝ ደቂቃ ሲታሰር ቀርጬ፣
ሲደርቅ አንዴም አልቀረጽኩትም።
አልጠየቅሁማ።
ከሠርጉ የተረፈች ባትሪ ነበረችኝ፤
ኩሬዋ ላይ አነጣጠርኩ፣
ጠብታ ወድቆ ሰማዩን ሲያናውጠው፣
ባትሪው እስኪያልቅ።

ሲመሽ ባጃጅ አስቆምኩ።
ጀርባው ላይ ናሁሰናይ፣ ከነመነጽሩ።
ተሳፈርኩ።
እስከ ቤቴ ድረስ ከኋላዬ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር፤
ገና ነኝ።
ገና ጠብ እላለሁ።