ግራጫዋ ሊቶሪና

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከጫማ ቤቱ ጀርባ፣
ራጋቫን ሱቅ አለው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ።
መደርደሪያው ሙሉ፣ አውራ ጣት የሚያህል ብልቃጥ በብልቃጥ፤
ሰባ ዓይነት ግራጫ! ሰው እንዴት ይምረጥ?

"የምን ባቡር?" አለኝ። "ሊቶሪና" አልኩት።
ስሟን አያውቅ፤ በእጄ አየር ላይ ሳልኩለት፤
አፍንጫዋ ድፍን፣ ድምጿ እንደ አውቶቡስ፣
ከለገሃር ወጥታ፣ በደወሌ አድርጋ፣ ጅቡቲ የምትደርስ።
"ቀለሟስ?" አለ።
እሱ ነው የጨነቀኝ።

ዓይኔን ብጨፍን ትመጣለች፣ ሽንሌን አልፋ፣ ጡሩምባዋን ነፍታ፤
ግን ሁሌም አቧራ ለብሳ። አንድም ቀን አላየኋት ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጠርታ።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞዴል የላትምና፣
ዓርብ ዓርብ ሠራኋት፣ ከወዳደቀ ነገር፣ በምላጭ ልመና፤
ከኤሲ ሽፋን ስባሪ፣ ከእርጎ ዕቃ ክዳን፣
ሁሉን በሰማንያ ሰባት አካፍዬ፣ መስኮቷን፣ ጎማዋን፣ መቀመጫዋን።
ርዝመቷ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ።

የዘይቱ ቀለም ለክፍላችን አይሆንም፤ ስድስት ነን በአንድ ጣራ፤
ሸፊቁል ያስለዋል፤ ገዛኸኝ "ወይ እኔ ወይ ቲነር!" ይላል እያጓራ።
የውኃው ደግሞ በነሐሴ ሙቀት ብሩሹ ላይ ይደርቃል፣ ከገላዋ ሳይደርስ፤
ቫርኒሹም ጣጣ ነው፤ የባሕሩ ወበቅ እየገባበት ነጭ ጉም የሚያለብስ።

ራጋቫን መከረኝ፦ "መጀመሪያ ግራጫ፣ ስስ አድርገህ አልብሳት፤
ኋላ ቀለም ስትመርጥ፣ ከዋናው ላይ ነጭ ጠብታ ጨምርባት።
ትንሽ ነገር ማለት ሩቅ ነገር ማለት ነው፤
በመሃል ያለው አየር ቀለም ይጠጣል፤ አንተም የጠጣውን ያህል ቀንሰው።"
ለሃያ ሁለት ዓመት ስንት ጠብታ እንደሆነ
አልጠየቅኩትም።

ለእህቴ ደወልኩ፣ ለሩማን፣ ከዚራ።
"ቀይ ናት፣ ወገቧ ክሬም" አለች፣ ሳትጠራጠር፣ ሳትፈራ።
ከጎኗ ባሏ "ኧረ ቢጫ ነበረች!" ሲል ይሰማኛል፤
ጡረተኛው ሙሴ ያዕቆብ ተጠይቆ፣ "በየትኛው ዓመት?" ብሎ ይስቃል።

አባዬ ቢኖር ያውቅ ነበር። አትልዬ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበረ፤
በቆርቆሮ ቂጥ የተረፈችውን፣ ማታ ማታ ለቤት እየቋጠረ።
የሸሚንደፈር ቀለም ያልቀመሰ ዕቃ አልነበረንም፤ የእማዬ ሣጥን፣ በርጩማው፣
ከሁሉ በላይ የሽንት ቤት በራችን፣ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀው።

ሩማን ቢላ ይዛ ገባች።
ከላይ አረንጓዴ፣ ሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ በታች የአባዬ እጅ፤
ጥፍር የምታህል ቅርፊት በክብሪት ቀፎ አድርጋ ሰደደች፣ በጎረቤት ልጅ።

ከራጋቫን ጋር መብራት ሥር ገለበጥናት።
ቀይም አይደለች፣ ክሬምም። ሮዝ ናት።
ሮዝ! እንዴት ረሳሁት? ልጆች የሳቁብን፣
"የሙሽራ ሽንት ቤት!" እያሉ ሲያልፉ የጮኹብን።
ለካ ሁለቱ ጥራጊ፣ ለየብቻ፣ አንድ በር አይሞላም፤
ደባልቋቸዋል። ሩማን ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ ማስረጃዋ ግን አይፈታም፤
ከሮዝ ውስጥ ቀዩን መልሶ የሚያወጣ ቲነር
ራጋቫን ዘንድም የለ፣ የትም አይሸጥም።

ጠብታ ቆጥረን፣ ሦስቴ አበላሽተን፣ ሮዙን ግን አገኘነው።
ነጭ አልጨመርኩበትም።
ሊቶሪናም ሽንት ቤት ነበራት፣ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ፤
ያቺን በር ቀባኋት፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በሦስት ፀጉር ብሩሽ፣ ሳልነካ ሌላ።
ሲደርቅ ጣራዋን ለጠፍኩ። ከእንግዲህ የሚያየው የለም፣
እኔም ጭምር።

አሁን መስኮት ላይ ናት፣ ገና ግራጫ፣ ቁጥር የሌላት፤
ከሰጃ በኩል የሚመጣው አቧራ በየቀኑ በስሱ እየቀባት።
ገዛኸኝ "መቼ ነው የምታልቀው?" ሲለኝ፣
"ቀለም እየመረጥኩ ነው" እላለሁ፤ "ተወኝ።"