የተነሣችው «ረ»

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከግራሩ ጥላ፣
ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንዲት ታይፕ አዝላ፣
የምትቀመጥ ሴት፣ ማመልከቻ ጻፊ፣
የሐዋሳን እሮሮ፣ በወረቀት አራጋፊ፣
እኔ ነኝ፤ አስካለ።

የታይፔ «ረ» ግን ከመስመር ዘላለች፣
ከእኅቶቿ መሐል ጥቂት ከፍ ብላለች።
መዝገብ ቤት ያለው ሰው፣ አቶ ጦና ባሳ፣
ስሜን ሳያነብብ እሷን እያወሳ፣
«ያስካለ ሥራ ነው» ይላል ለባልደረባው።
ካርቦን ሲደረብም ስሕተት ላይ አይቀርም፣
አራተኛው ቅጂ ደርሶ ነው የሚያርፈው።

ሐመልማል ልጄ ባዮሎጂ ታነባለች፣ ዋናው ግቢ።
ሐሙስ ማታ መጣች ካሞራ ገደል በኩል፣
ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ።
እራቷን ሳትቀምስ ደብተሯን ዘረጋች።
«እማ፣ ኪኒንሽ ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»
«ያኖረኛል።»
«እሱማ። ግን እንዴት?»

ነገረችኝ።
ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ፣ እንደኔው፣ ፊደል ይለቅማል።
ኪኒኑ ፊደል ይመስላል፤ ፊደል ግን አይደለም።
አንሥቶ ይተክለዋል፤ ቀጣዩን የሚያያይዝበት ጭራ የለውም፤
ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

ሳቅሁ፤ ሙያዬ ነዋ!
«ታዲያ የኛውስ ጸሐፊ አይሳሳትም?» አልኋት።
ዝም አለች። ዓሣው ቀዘቀዘ።
«የኛው መልሶ ያነብባል፤ ያርማል።
አብዛኛውን ጊዜ።»
«አብዛኛውን?»
«አብዛኛውን።»

ያኔ ስድስት ወሯ ነበር፣ ሆዴ ውስጥ።
ገና ጣቷ ሲጻፍ፣ ገና ቅንድቧ፣
እኔ ጧትና ማታ ያን ካፕሱል እውጥ ነበር፣
ቫይረሱ እንዳይሻገርባት።
እሱስ አልተሻገረም። ፊደሉስ?
አልጠየቀችኝም። እርሳሷን ነከሰች፤
አንዱን መስመር ጽፋ፣ አጥፍታ፣ ጻፈች፣
ወረቀቱ ሳሳ።

አዳሬ ሄድሁ ሰኞ። ሲስተር ብርቅነሽ ላታሞ
መነጽሯን አወለቀች፤ ዋሽታኝ አታውቅም።
«ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ እስካሁን ያየነው ይሄን ነው።
እስከ ሽበት የተከታተላቸው ግን የለም፤
እነሱም ገና አልሸበቱ።
ያለሱ ደግሞ…» አለችና
አልጨረሰችውም።
እዚያው ቆመ ዓረፍተ ነገሩ።

እሾህን በእሾህ ይላሉ።
የነቀለው እሾህ ጫፉ ሥጋ ውስጥ ቀርቶ እንደሁ
የጠየቀ የለም።

ማታ ቤቴ ታይፑን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁ።
ለሰው ስንቱን ጻፍሁ! ለድንበር፣ ለቀለብ፣ ለበሬ፤
ለራሴ አንድ ቀን አመልክቼ አላውቅም።
«ለተከበረው»
ብዬ ቆምሁ።
የተከበረው ማን?
ተከሳሽስ?
የፊተኛው ኪኒን ጉንጬን በላው፣ እውነት ነው፤
የኋለኛው ዕድሜዬን ቆጥሮ መለሰልኝ።
እንዴት ብዬ ልክሰስ እጁን የሰጠኝን?
እንዴትስ ዝም ልበል የልጄ ነገር ሲሆን?
መዝገብ ቤቱስ ቢሆን፣ እነ ጦና ባሳ፣
ተከሳሽ የሌለው ፋይል መች ይከፍታሉ?

ሦስት ሰዓት ሆነ።
የሐመልማል ስልክ ጮኸ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ
የኔ ደወል እሷ ጋ ነው።
ውኃውን አቀበለችኝ፤ እስኪወርድ ጉሮሮዬን አየች።
ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዷን ቃል አነበበች፣
«ረ»ዋን አየቻት፣ ከመስመር የዘለለችውን፣
«ይቺ ያንቺ ናት» አለች፤
ጣቷን አሳረፈችባት።
ቀለሙ ጣቷ ላይ ቀረ።