አየር ይቀድማል

ቧንቧ ጠጋኝ ነኝ፣ ሳሙና በር ሰፈሬ፤
መፍቻ በከረጢቴ፣ ቁጣ በከንፈሬ።
ባባታችን ግቢ፣ ላንድ ክንድ መሬት፣
ከወንድሜ ከእንየው ተዘጋግተን ቤት፣
ሰባት ክረምት ወጣ።

አንድ ቀን ከማራኪ አንድ ሰው ደወለ፣
ጃያሴና እሚባል፣ ያጥንት አስተማሪ፣
ከስሪላንካ የመጣ፤ «ቧንቧው አፈሰ» አለ።
በሩ ገርበብ ብሏል። ብጣራ ዝም አለ፤
እግሩን አነባብሮ፣ ዐይኑን ከድኖ፣
ጀርባው እንደ ቱቦ ቀጥ እንዳለ።
ቧንቧው ጠብ... ጠብ... ይላል።
ታሟል ብዬ ፈራሁ፤ ይጸልያል አልሁ፤
መፍቻዬን እንደያዝኩ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ።

«ምን ትሠራ ነበር?»
«እተነፍስ ነበር።»
«እሱንማ» አልሁት «በግም ይሠራዋል!»
ሳቀ። በተሰባበረች አማርኛው፣
«በጉስ ይሁን፤ አንተስ» አለኝ፣ «ስትተነፍስ ይታወቅሃል?»

ሒሳቤን ተቀብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ።
ያ «አንተስ» ግን እንደ አሸዋ ጥርሴ ሥር ቀረና፣
ሳምንት ሳይሞላኝ ሄድኩ፣
ያልተበላሸ ቧንቧ ልጠግን እንደገና።

«እስካሥር ቁጠረው ትንፋሽህን» አለኝ፤ «ከሳትክ ደግሞ
ከአንድ ጀምር፤ ማንም አይቆጣህም።»
አንድ፤ ያጥሩ ችካል። ሁለት፤ የእንየው ሳቅ፣
የክሱ ወረቀት፣ የጠበቃው ዋጋ፣
ያውቶ ፓርኮ ጩኸት፣ ባጃጅ ሲንጫቃጨቅ፤
ከአንድ። ደግሞ ከአንድ።
ጉልበቴ ሲንቋቋ እንደ ዛገ ብረት፣
ሦስትን ለመርገጥ ብቻ አለቀብኝ ክረምት።

«ቡድሃ አምላክ ነው ወይ?» «አይደለም፣ ሰው ነው፤
ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚነድ ልቡን ሳይሸሽ ያየው።»
«ምን ያደርግልሃል?» «ምንም። መንገድ ያሳያል፤
እግሩ ያንተው ነው፤ ማን ይሄድልሃል?»

ሚስቴ ጥሩዓለም ጨርቋን ልትጥል ደረሰች፤
«ባሌ ከነማተቡ ተወሰደ» ብላ ለቄስ ላቀው ነገረች።
ጠሩኝ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከቅጥሩ ጥድ ሥር፣ ብቻዬን።
እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ረዥም ዝምታ።
«እኛ አርምሞ እንለዋለን። ለእኔም አልሆነልኝ» አሉ በዝግታ።
«ማተብህን አትፍታ። ቁጣህን ከፈታህ ግን፣
እግዜር አይጠይቅህም መፍቻው የማን እንደሆን።»

ባሥራ አምስተኛው ሌሊት ውሃ ይመጣል ተብሎ፣
ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤት፣ ጀሪካን በጀሪካን ተቀጣጥሎ፣
ቆመናል ቦኖው ፊት። እንየው መጣ።
ጀሪካኑን ከእኔ ፊት ተከለው፣ ልክ እንደዚያ ችካል፣
አይቶኝ እንዳላየ።

እጄ ተነሣች።

ያን ጊዜ ቧንቧው አቃሰተ፤ እስስስ...
ሙያዬ ነው፤ አውቃለሁ፤ ቱቦው ሲነቃ
አየር ይቀድማል፤ ውሃው የሚከተል ትንፋሹ ሲያበቃ።
አንድ፣ አልሁ።
ከእጄ እስከ ፊቱ ድረስ
አንድ ትንፋሽ የሚያህል ሜዳ ነበረ፤
አርባ ሰባት ዓመት ስሮጥበት ሳላየው የኖረ።
ሁለት።
የእንየው እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣
ያባታችን እጅ። መቼ አረጀ ይህ ሰው? ስንት ክረምት አለፈ?
ሦስት።
እጄ ወረደችና የጀሪካኑን ክዳን ፈታችለት።
«ቅዳ» አልሁት።
ሁለት ፊደል ነች፤
ሰባት ዓመት ጉሮሮዬን የዘጋች እንደ ዐጥንት።

ጻድቅ ሆንኩ ማለቴ አይደለም። አጥሩ እዚያው ነው፤
ክሱ አልተነሣም፤ ቀጠሮው ለሰኔ ነው።
ትናንት እንኳ ውሃ ቢሮ ጸሐፊው ላይ ጮኼ ወጣሁ፤
ይቅር በለኝ ልል ከደረጃው ተመለስሁ።

ጃያሴና ውሉ አልቆ ሄደ፣ ትራሱን ትቶልኝ፤
ጭድ ነው የሞላው፣ ያሳክካል።
ሊነጋጋ ሲል፣ ቀሃ ላይ ጉም ሲተኛ፣
ቧንቧው እንደ ደረቀ፣ እቀመጣለሁ።
ካጥሩ ማዶ እንየው ሲያስል ይሰማኛል፤
እሱንም እቆጥራለሁ።
አሥር ግን ገና ነኝ።