የሰንሰለት ዋጋ

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ ሰንሰለት ፍለጋ፤
«ለውሻ ነው?» አለኝ ብረት ሻጩ። ዝም ብዬ ጻፍሁ ዋጋ።
የባዘዘው እናት ይህንኑ ገዝታ ነው የገባች ጭልጋ፣
መስኮታችን ላይ «መድኃኒት አልቋል» የሚለውን ያነበበች ለታ።

ሰኞ፣ ጤና መምሪያ፣ «ሦስት ደቂቃ አለሽ» ተባልሁ፤
ሃያ ገጽ ሪፖርቴን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትሁ።
አላለቀስሁም። ሁለት ቁጥር ብቻ አነበብሁ፦
የአንድ ሰው የወር ክኒን፣ የአንድ ሰው ሰንሰለት።
«ብረቱ ይወደዳል» አልሁ።

«ይታሰብበታል» አሉ ሰብሳቢው፤ መነጽራቸውን አወለቁ።
አውቃታለሁ ይህችን ቃል፤ በሷ ሆድ ስንት ደብዳቤዎች አለቁ።
አልወጣሁም። ቃለ ጉባኤ ያዥዋን፣ ወይዘሮ እናኑን፣
«"ይታሰብበታል" አይበቃም፤ ጻፊልኝ» አልኋት፣ «ቀኑን።»

ብዕሯ ቆመ። ሰብሳቢውን አየች። ሦስት ደቂቃዬ አልቋል፤
እኔም እንደቆምሁ ነኝ፤
መስኮታችን ዛሬም «አልቋል» ይላል።