ምላሰ አጭር ጋሪ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከብየዳው ሠፈር፣
አራት የእጅ ጋሪ ግድግዳ ተደግፎ
ቀጣሪ እንደሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ቆሟል ተሰልፎ።
ሽባባው በያጁ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ
«ምን ልትጭንበት ነው?» አለኝ ከላይ እስከ ታች አይቶ።
«የጌም ማሽን» አልሁት። «ሳንቲም የሚበላው።
ቁመቱ ከኔ በላይ፣ መቶ አርባ ኪሎ ነው።
ሦስት ናቸው። ከሐይቁ ዳር ቤት ኪራይ ተጨምሮብን
ዓባይ ማዶ ልንገባ ነው፣ እግዜር ከረዳን።»
«ሙሽሮች ናቸዋ!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የመጀመሪያው ቀይ ነው፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣
ለቢራ ሣጥን እንጂ ለኔ ጉድ የማይገባ፤
ጎማው ድፍን ላስቲክ፣ የሕፃን መዳፍ የሚያህል።
ከኛ በር እስከ አስፋልቱ ሁለት መቶ ርምጃ ኮብልስቶን ነው፣
እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጥርስ ክረምት ያወላለቀው፤
አይሱዙ አይገባበትም።

ሁለተኛው ጎማው ሰፊ ነው፣ ነፋስ ይሞላል፤
እጀታው ይመቻል፤
ምላሱ ግን አጭር። ከሥር ገብታ የምትሸከመው፣
ያቺ የብረት ምላስ፣ አንድ ስንዝር አትሞላም።
ምላሰ አጭር ሰው ጎረቤት ያኖራል፤
ምላሰ አጭር ጋሪ ማሽን ይጥላል።

ሦስተኛው ደረጃ ይወጣል፣
በየጎኑ ሦስት ሦስት ጎማ እየተቀባበለ፤
ዋጋውን ስሰማ እኔም ደረጃ የወጣሁ ያህል አለከለክሁ።
እኔ ያለኝ ደፍ ነው። አንድ ደፍ።
ለአንድ ደፍ ብዬ ስድስት ጎማ አልቀልብም።

ግን ስለ ደፉ ልናገር።
ባለፈው ክረምት፣ ደፉ ዝናብ ጠጥቶ ሳለ፣
ጋሪ ይገዛ ሲሉኝ «ሰው እያለ?» ያልሁ እኔ ነኝ።
«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብዬ የተረትሁ እኔ ነኝ።
አራት ሆነን ያዝነው።
የሦስታችንን እጅ አሟለጨው፤
ሃምሳውም ሎሚ ይርሳው ወገብ ላይ ቀረ።

ዛሬ ይርሳው ጣና ዳር፣ ከዋንዛው ሥር፣ የሰው መረብ ይጠግናል፤
ሲነሣ መጀመሪያ መሬቱን በእጁ ይለምናል።
ሳልፍ ሰላም ስለው ስለ ወገቡ አያወራም፤
«ማሽኖቹ ደኅና ናቸው?» ይለኛል።
ከዚህ የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም።

አራተኛው አስቀያሚ ነው።
የአልጋ ብረት ነው፣ የባጃጅ ጎማ፤
ቀለም አልነካውም፤ አሣ አሣ ይሸታል፤
ለአሣ ነጋዴ ተሠርቶ ሰውየው ሳይከፍል ጠፍቷል።
ምላሱ ግን ሁለት ስንዝር።
መኻሉ ላይ ቀበቶ አለው፣ የጭነት መኪና ቀበቶ፣
ማጥበቂያው ቋ ቋ ቋ የሚል።
ወገብ ያለው ጋሪ!

«ሞክረዋ» አለ። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ጫነበት።
እግሬን ከጎማዎቹ መኻል አኑሬ ሳብሁ፤ እንቢ አለ።
ደግሜ ሳብሁ፤ እንቢ።
ከዚያ አንዲት ቦታ አለች፣
ከመቆምና ከመተኛት መኻል፤ ከሷ ሲደርስ
ያ ሁሉ ኩንታል ተኩል
እንደ ተኛ ሕፃን እጄ ላይ ቀለለ።
በሁለት ጣት ያዝሁት።
ሁለት ጣት!
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጥቂት ቆምሁ።
ሽባባው ዋጋው የመረረኝ መስሎት ሁለት መቶ ብር ቀነሰ።

እሑድ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት፣
ሐይቁ ገና ሳይነጋበት፣
የመጀመሪያውን ማሽን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ቀበቶውን አጥብቀን
ወደ ኋላ ሳዘነብለው
ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ፤
ስሙኒ ናት። የማን ልጅ ስሙኒ ትሆን፣
ተበልታ ጨዋታ ያልተሰጠባት?
ኮብልስቶኑን እስክንጨርስ ትጮህ ነበር።

ከአስፋልቱ አፍ ይርሳው ቆሟል፣ ጋቢውን ተከናንቦ።
ማን እንደ ነገረው አላውቅም።
ማሽኑን አላየም። እኔንም አላየኝም።
ቀስ ብሎ፣ ወገቡን እያባበለ፣ ጎንበስ አለና
የግራውን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫነው።
«ነፋስ ያንሰዋል» አለ።